የእንድሪስ አራት ጎማዎች

ጊዮርጊስ አካባቢ ኑሪ ጎሚስታን የማያውቅ ሰው ካለ መኪና የሌለው ነው። እሱም ቢሆን በልጅነቱ ኳሱን ያስነፋው እዚያው ነው። ኑሪ ጨዋታ አዋቂ ነበር። የካድሬ መኪና ጎማ ተንፍሶ ሲመጣ፣ «ምን ይደረግ ጓድ፣ አብዮቱም አንዳንዴ ይተነፍሳል!» ይል ነበር። ደፋር! ዘመኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምላስ ሳይሆን የአንገት ገመድ ነው።

አንድ ክራንች የያዘ ወታደር ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ «ልጅዎ እንድሪስ አጠገቤ ነው የወደቀው፤ አፈር ያለበስኩትም እኔው ነኝ» ካለው ቀን ወዲህ ግን ያ ጨዋታ ጠፋ። አለቀሰ ይሆን? የት አባቱ! ወታደሩን አመሰገነ፣ ሻይ አስመጣለት፣ ሸኝቶት ተመልሶ የጀመረውን የጎማ ካላማዳሪ ለጠፈ። ውስጡ ደንዝዞ ቀረ። ይተኛል፣ ይበላል፣ ሰው ሲስቅ አብሮ ጥርሱን ያሳያል። እኔን የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ሐዘን ነው።

መርዶ ደግሞ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ፣ በማለዳ በር ይንኳኳል። በዚያ ላይ መንግሥት ሞተ ያላለውን ልጅ ማልቀስ ወሬ ማናፈስ ተብሎ ቀበሌ ያስጠራል። ስለዚህ ኑሪ ለሚስቱ ለሸሪፋ ዛሬ ነገ እያለ ሳይነግራት ከረመ። ያላቸው አንድ ልጅ እሱ ነበር።

እንድሪስ ለብሔራዊ ውትድርና ከመታፈሱ በፊት አሮጌ ላንድሮቨር ሊገዛና ለአረፋ የአገሩን ሰው ቡታጅራ ሊያመላልስበት አስቦ ነበር። መኪናው ሳይገኝ ጎማውን ገዛ፤ አባቱም «ፈረስ የሌለው ባለ ኮርቻ» እያለ ሲስቅበት ሰነበተ። ጎማዎቹ አራት አዲስ፣ ሁሉም አንድ ቁጥር ናቸው። ሱቁ ጥግ ተደራርበው ሸራ ለብሰዋል። ሸሪፋ ምሳ ባመጣች ቁጥር አቧራውን ታራግፍና፣ «ሲመጣ ንጹሕ ሆነው ይጠብቁት» ትላለች። ኑሪም «ኢንሻአላህ» ይላል። ምን ይበል?

ክረምቱ ሊገባ ሲል ተስፋማርያም የሚባል የጤና መሥሪያ ቤት ሾፌር ላንድሮቨሩን እያስነከሰ መጣ። የኋላዎቹ ጎማዎች አልቀው የውስጥ ሸራቸው ወጥቷል። የፊቶቹ ደህና ናቸው፣ ግን ቁጥራቸው ከእንድሪስ ጎማዎች አነስ ይላል። በዚያን ጊዜ ጎማ በወረፋም አይገኝም፤ እሱ ደግሞ ክትባት ጭኖ በማግስቱ ወሎ መውጣት አለበት።

«ጋሽ ኑሪ፣ ከነዚያ ከተሸፈኑት ሁለቱን ይስጡኝ። ከኋላ ትልቅ፣ ከፊት ትንሽ። እንደ ትራክተር!»

«ትራክተር ከመጀመሪያው እንደዚያ ሆኖ ነው የተሠራው» አለ ኑሪ ቀና ሳይል። «ያንተዋ አራቱም እግሯ ይጎትታል። አስፋልት ላይ በኋላው ብቻ ብትነዳ ችግር የለም። ኮረኮንች አቀበት ላይ አራቱንም ስታስገባ ግን ትንሹ ብዙ ይዞራል፣ ትልቁ ጥቂት፤ መሃል ቤት ካምቢዮው ይበላል። አንዱ በሬ እየሮጠ ሌላው እየተጎተተ ቀንበር ይተርፋል?»

«እና ምን ላድርግ? በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ አለቀለት። የሚጠብቁኝ ሕፃናት ናቸው እኮ!»

ኑሪ ሸራውን አየ። ሁለቱን ቢሰጠው መኪናዋ ተራራ ላይ ትቀራለች። ቢከለክለው ጎማዎቹ ለማን ሊሆኑ ነው? አራቱንም ቢሰጠው ያ ጥግ ባዶ ይሆናል። ሸሪፋ ደግሞ ምሳ ይዛ መምጫዋ ነው። ሽማግሌም ዘመድም በሌለበት ብቻውን ሊያረዳት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እንባው በመጣ ነበር። እሱ ክሪኩን አነሳ።

«አራቱንም ውሰድ።»

ተስፋማርያም ማመን አቃተው። «እግዜር ይስጥልኝ! ለማን አስቀምጠዋቸው ነበር?»

«ለልጄ።»

«አይፈልጋቸውም?»

«አይፈልጋቸውም» አለ ኑሪ፣ ብሎን እየፈታ።

ሸሪፋ ስትደርስ መኪናዋ ሄዳለች። ምሳውን አስቀመጠችና እንደ ልማዷ ወደ ጥጉ ዞረች። ባዶ ነው። ባሏን አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም እንዲነግራት አላስፈለገም።

«ወይኔ ልጄን» አለች ቀስ ብላ። መሬት ላይ ተቀመጠች። «ኑሪ፣ ሁለቱን እንኳ ብታስቀርልኝ ምን ነበር?»

«አይሆንማ ሸሪፋ» አለ ኑሪ። «አራቱም እኩል ካልሆኑ አይሆንም። ትንሹ ብዙ ይዞራል፣ ትልቁ ጥቂት…»

የሙያው ነገር ነውና አፉ ላይ ቀለለው። ስለ አቀበቱም ስለ ካምቢዮውም አንድ በአንድ አስረዳት። ሸሪፋ ሻሿን ከራሷ ላይ ገፍፋ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች፤ ጎረቤት ከየሱቁ እየሮጠ ይገባል፤ ኑሪ ግን መናገሩን ማቆም አቃተው።