የጋሽ ሚስባህ ወፍጮና ሁለቱ ሣጥኖች

ኮምቦልቻ ላይ ጋሽ ሚስባህን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የተፈጨ ዱቄት ገዝቶ የሚበላ ነው። ቦርከና ወንዝ አቅራቢያ ባለችው ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመዋል። ቅንድባቸውን ያነጣው ዕድሜ ይሁን ዱቄት እሳቸውም ለይተው አያውቁም። በዚህ ዓለም ላይ የሚጠሉት ሁለት ነገር ነው፤ እርጥብ እህልና «በግምት» የሚል ሰው። አንዴ አንድ የሠርግ ደጋሽ ጤፉን አስጭኖ መጥቶ «በግምት ሁለት ኩንታል ይሆናል» ቢላቸው፣ «ሚዛኑ ተሰቅሎ እያየኸው ምን ያስገምትሃል?» ብለው ሁሉንም ሰው አስተናግደው እስኪጨርሱ ጤፉን ከነሰውየው አቆዩት። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እንዲሁ ናቸው።

ወፍጮውን የተከሉት ከጓደኛቸው ከወንድምአገኘሁ ጋር ነው። አርብ አርብ ወንድምአገኘሁ፣ እሑድ እሑድ ሚስባህ ይፈጩ ስለነበር ወፍጮው የሚዘጋበት ቀን አልነበረውም። ያኔ የሚሠራው በናፍጣ ነው። ጭሱ የጎረቤቱን የታጠበ ልብስ አጥቁሮ ስንት ጠብ አስነስቷል! ኋላ ሁለቱ መክረው ናፍጣውን ነቀሉና በመብራት አዞሩት። ሰፈርተኛው ደግሞ፣ ጭሱን ሲረግም የከረመው ሁላ፣ «መብራት የፈጨው ዱቄት አይጥምም» ብሎ ሁለት ወር አኮረፈ። ከዚያ ለመደ። ሰው ምን የማይለምደው አለ?

ወንድምአገኘሁ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ አትጠገብ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ደሴ በክረምት ጉም ነው፤ የታጠበ በርበሬ ሳምንት ቢሰጣም አይደርቅም። ስለዚህ በርበሬዋን በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ትልከዋለች፣ የጋሽ ሚስባህ ባለቤት ከይሪያ ታሰጣላታለች፣ ጋሽ ሚስባህ ይፈጩላታል። አንድ ልጅ አላት፤ ስማቸው ይባላል። ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው።

ስማቸው ኮምፒውተር ተምሮ ሦስት ዓመት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሠርቷል። አዳራሹ ቢትኮይን የሚያመርቱ መሣሪያዎች የተደረደሩበት ነው። በሐምሌ ወር አንድ ጠዋት ከሚኒባስ አናት ላይ ሁለት ሣጥን አስወርዶ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሣጥኖቹ የጫማ ካርቶን አይበልጡም፤ ብረት ናቸው፣ ከፊትና ከኋላ ማራገቢያ አላቸው።

«ምን ይፈጫል?» አሉ ጋሽ ሚስባህ።

«ቁጥር ነው የሚፈጨው፣ ጋሼ።»

«ቁጥሩን ማን ይበላዋል?»

ስማቸው ሳቀና አስረዳቸው። በእጅ የማይዳሰስ ገንዘብ አለ፤ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አንድ እንቆቅልሽ ለመፍታት ይሽቀዳደማሉ፤ የቀደመው ይሸለማል። «የተቀደሙትስ?» ቢሉት፣ «የበሉት መብራት ቀልጦ ይቀራል» አለ። ልጁ አይዋሽም፣ በዚህ አባቱን ነው። ሐሳቡ ይኼ ነበር፦ ወፍጮ ቤቱ ጠንካራ የመብራት መስመር አለው፤ ሁለቱን ሣጥን በጓዳው ክፍል ይሞክራቸዋል። ከሠመረ ፈቃዱን ያወጣል፣ ወፍጮው ይነሳና ሌላ ሃያ ሣጥን ይገባል። ጋሽ ሚስባህም ኪራያቸውን እየበሉ ጉልበታቸውን ያሳርፋሉ።

ወፍጮው ይነሳ ሲባል ጋሽ ሚስባህ ዘወር ብለው ወፍጮውን አዩት። ግን እምቢ ማለት አልቻሉም። ምክንያቱም ከአንድ ቀን በፊት አትጠገብ ደውላ ነበር። «ሚስባህ ወንድሜ፣ ልጄን እምቢ ካልከው ተመልሶ መሄዱ ነው። እኔ ደግሞ በስልክ እናት መሆን ሰለቸኝ» አለቻቸው። እንግዲህ ይኼን የሰማ ሰው ምን ይላል? ጋሽ ሚስባህ የሚያውቁትን ነገር አሉ፦ «አሥራ አምስት ቀን ሞክር። እኔም እመዝነዋለሁ።»

ሣጥኖቹ ሥራ ሲጀምሩ ከይሪያ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። ወፍጮስ ሌሊቱን ያርፋል፤ እነዚህ ግን ቀን የለ ሌሊት የለ ይጮሃሉ። ከኋላቸው የሚወጣው አየር ደግሞ ፊት ይለበልባል። ክፍሏ በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ጋለች። «ወላሂ፣ ይኼ ልጅ ሐሩርን ከአፋር አስጭኖ አመጣብን» አለች ከይሪያ። የወሎ ሴት ግን ከሙቀት ጋር ተጣልታ አትቀርም። በሦስተኛው ቀን የአትጠገብን የታጠበ በርበሬ በሰፌድ አድርጋ ከሣጥኖቹ ጀርባ ደረደረችው። በዚያ ዝናብ በማግስቱ በርበሬው ሲያነሱት ይንኮሻኮሽ ነበር።

ወሬው ደሴ ደረሰ። አትጠገብ ራሷ በርበሬዋን ይዛ ወረደች። የደረቀውን በመዳፏ ሰበር አድርጋ አሸተተችና ልጇን ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ እርጥብ ሽምብራውን፣ አብሹን፣ በሶብላውን ይዞ ይመጣ ጀመር። ለስማቸውም ከሌሎች ጋር ተቧድኖ የሚካፈለው ሽልማት በስልኩ ትንሽ ትንሽ እየገባለት ነው፤ ከይሪያም ጩኸቱን ረሳችው። ሁሉም ደስ ብሎታል። ጋሽ ሚስባህ ብቻ ማታ ሲዘጉ ቆጣሪውን ያነባሉ፣ ጠዋት ሲከፍቱ ያነባሉ፣ በጠመኔ በሩ ላይ ይጽፋሉ።

በአሥረኛው ቀን ስማቸውን ጠሩት። «እየው» አሉ በሩን እያሳዩ። «ቆጣሪው ስድስት ሲጨምር እኔ አንድ ኩንታል እፈጫለሁ። ይኼን ናፍጣውን ከነቀልን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ትናንት ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ወፍጮው ቆሞ፣ ሣጥኖችህ ብቻቸውን ሰባ ዘጠኝ በሉ። አሥራ ሦስት ኩንታል ማለት ነው። ቀኑ ሲጨመር ሃያ ስድስት። እኔ ገበያ ደርቶልኝ የምፈጨው ሃያ ነው።»

ስማቸው መልስ አላጣም። «ጋሼ፣ መብራቱ እኮ ከውሃ ነው የሚመጣው፤ ጭስ የለው። እርስዎና አባዬ በናፍጣ ይኼን ሰፈር ስንት ዓመት አጥቁራችሁት የለ? አባዬ ሲያስል ያደርኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሚስባህ ጠመኔውን አስቀመጡ። ልጁ የተናገረው እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ ከልጅ አፍም ቢወጣ ያው እውነት ነው። «ልክ ነህ» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ የመዘነልን ሰው አልነበረም። ብንመዝነው ኖሮ ቀድመን እንነቅለው ነበር።»

እንዲህ ሲባባሉ ወይዘሮ ውዱ ገቡ። ከሐረጎ ተራራ በስተጀርባ ካለ ቀበሌ፣ ግማሽ ኩንታል ገብስ በአህያ ጭነው፣ ሦስት ሰዓት ተጉዘው ነው የሚመጡት። ስማቸው ጭነቱን እያወረደላቸው፣ «እናንተ ጋ ወፍጮ የለም እንዴ፣ እማማ?» አላቸው።

«ወፍጮስ ይኖረን ነበር፤ መብራት የለንም እንጂ። ገመዱማ በቤቴ አናት ላይ ነው የሚያልፈው። ንፋስ ሲነሳ ሲያፏጭ እሰማዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ውዱ፣ ነጠላቸውን እያራገፉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏችኋል ይኼ ነው። ቅሬታም አልነበራቸውም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው ያሉት። ስማቸው የሴትዮዋን ጭነት ተሸክሞ ሚዛኑ ላይ ሲያደርሰው ዓይኑ በሩ ላይ ወደተጻፈው ሄደ። ሃያ ስድስት ኩንታል በእሳቸው ጭነት ሲሰላ ሃምሳ ሁለት ውዱ ነው፤ በየቀኑ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አንደኛው ሣጥን አንድ ጊዜ አንቋረረና ቀጥ አለ። ስማቸው ሲከፍተው ውስጡ በነጭና በቀይ ተለስኗል፤ የወፍጮው ዱቄት ከአትጠገብ በርበሬ ብናኝ ጋር ተጋግሮ ማራገቢያውን አንቆታል። ልጁ እያስነጠሰ፣ እንባውን እየጠረገ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሦስት ዓመት ጥሪቱ ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ማስገባት የወፍጮ ልጅ ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው፤ ከዱቄት ጋር ያደገ ሰው ዱቄት አይታየውም።

ጋሽ ሚስባህ ግን ይታያቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሞተራቸውን ከዱቄት የሚያራግፉ ሰው ናቸው። ዱቄት ሞተር እንደሚበላ ሣጥኖቹ በገቡበት ቀን ያውቁ ነበር። አጠገቡ ቁጢጥ አሉ፤ ጉልበታቸው እንደ አሮጌ በር ጮኸ።

«ስማቸው፣ አውቅ ነበር» አሉ። «ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር። ሚዛኑ ይፍረድ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ሚዛኑ እንኳ ሊፈርድ ነበር፤ እኔ ግን መናገር ነበረብኝ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። በአባትህ ፊት ያሳፍረኛል።»

ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። የሚሳደብ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። ተነሳ፣ የሞተውንም ያልሞተውንም ሣጥን በማዳበሪያ ከረጢት ከቶ፣ «ደህና ይሁኑ» ብሎ የደሴን ሚኒባስ ተሳፈረ።

አምስት ቀን ስልክ አልተደወለም። ጋሽ ሚስባህ ምግብ አልወርድ አላቸው። ሰው በግምት ሲናገር ዝም ማለት ጀመሩ፣ ይኼን ያየ ደንበኛ ሁሉ «ታመዋል» አለ። ከይሪያ ብትቆጣ ትቆጣ ነበር፤ ግን ሰውየው ራሳቸውን በልተው ስለጨረሱ ለእሷ የተረፈ አልነበረም። «አብሽር፣ የወንድምአገኘሁ ልጅ ቂም አያውቅም» ብላ ብቻ ሻይ አቀረበችላቸው። እሳቸው የፈሩት ቂሙን አይደለም። ልጁ ተመልሶ ወደዚያ አዳራሽ ቢሄድ ለአትጠገብ ምን ብለው ነው የሚናገሩት?

በስድስተኛው ቀን ስማቸው መጣ። ደህናውን ሣጥን ለድሮ ባልደረባው ሸጦታል። የሞተውን በታትኖ አራት ማራገቢያ ብቻ በከረጢት ይዟል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ እንደ ኩርፊያም እንደ ሥራም በሚመስል ፊት፣ «ጋሼ፣ በርበሬው የፈለገው ንፋስና ሙቀት ነው እንጂ ቁጥሩን አይደለም» አለ። «መሰላል አለዎት?»

ሦስት ቀን ጣራ ላይ ዋለ። ቆርቆሮውን ጥቁር ቀለም ቀባ፣ ከሥሩ ሌላ ቆርቆሮ አልብሶ ሙቀቱን በቧንቧ ወደ ጓዳው ክፍል አወረደው። ፀሐይ ብልጭ ስትል ከጣራው፣ ደመና ሲሆን ከወፍጮው ሞተር የሚወጣውን ሙቀት ማራገቢያዎቹ እየሳቡ በሰፌዶቹ ላይ ይነፉታል። የማራገቢያዎቹን አፍ በከይሪያ አሮጌ ሻሽ ሸፈነው። ሻሹን ሲያስር ጋሽ ሚስባህን ሰረቅ አድርጎ አያቸውና «ለዱቄቱ» አለ። ጋሽ ሚስባህ አንገታቸውን ደፉ፤ ቀና ሲሉ ልጁ እየሳቀ ነበር።

የመጀመሪያውን በርበሬ ጋሽ ሚስባህ እርጥቡን መዘኑ፣ ደረቁን መዘኑ። በሣጥኖቹ ጊዜ በአንድ ቀን የደረቀው አሁን ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። ይኼንንም በሩ ላይ ጻፉት፤ ሚዛን ለወዳጅ አያደላም። «ዘገምተኛ ነው» አሉ። «እንደ እርስዎ» አለች ከይሪያ። ከዚያ ስማቸው ቆጣሪው ጋ ቆሞ፣ «ማራገቢያዎቹ ስንት በሉ፣ ጋሼ?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ሚስባህ መነጽራቸውን አድርገው ቆጣሪውን አዩ፣ በሩ ላይ የጻፉትን አዩ፣ እንደገና ቆጣሪውን አዩ። «በግምት» አሉ፣ «ምንም።»

ከይሪያ እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀምጣ ባሏን ትክ ብላ አየቻቸው። በትዳር ዘመኗ ያን ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም።

በማግስቱ ስማቸው ወደ ደሴ ወጣ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ እሳቸውም ፈርተው አልጠየቁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ውዱ እርጥብ ገብሳቸውን አስጥተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ከሐረጎ ቁልቁል የመጣ ሚኒባስ ወፍጮ ቤቱ ፊት ቆመ። ጋሽ ሚስባህ መጀመሪያ ያዩት አናቱን ነው። ሣጥን የለበትም። በሲባጎ የታሰረ ፍራሽና የአትጠገብ የሚመስል ብርድ ልብስ ነው ያለበት። አትጠገብም ከፊት ወንበር ላይ ሆና በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች።

ስማቸው «ከእንግዲህ እዚሁ ነኝ» ብሎ ፍራሹን አውርዶ ተሸከመና፣ በቀረበው በኩል፣ በወፍጮው ክፍል ሊያልፍ አመራ። ጋሽ ሚስባህ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ሮጠው በሩን ያዙ።

«በዚህ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «ዱቄት ይበላዋል። በጓሮ አዙረው።»