ልጄ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ዓይኔ

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ሳለች የእንግሊዝኛ መምህሯ «የምታውቁት ሰው ሲፈራ ዓይኑ ምን ይመስላል?» የሚል ድርሰት አዘዟቸው። እሷ እኔን መርጣ ኖሯል። እኔ ያወቅሁት ግን ድርሰቱ ዜሮ ካገኘ በኋላ ነው።

ያን ቀን እንደ ልማዴ ቡራዩ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ጠበቅኋት። ከታክሲ ስትወርድ አልቅሳ ዓይኗ ቀልቷል።

«ማን ነካሽ? ምን ሆንሽ?»

እዚያው በቆሎ ጠብሳ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ «ኧረ መጀመሪያ ትተንፍስ! አስፋልቱን እንድትጠብቂ ቀጠሩሽ እንዴ?» አለችኝ።

ቤት ገብተን ደብተሯን አሳየችኝ። ገጹ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰምሮበታል። እኔ ሱሉልታ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል እለያለሁ እንጂ አንብቤ አይገባኝም።

«ምን ብለሽ ጽፈሽ ነው?»

«እናቴ ስትፈራ ሰማያዊ ዓይኖቿ እንደ ሻይ ሰሃን ይሰፋሉ ብዬ።»

«የማን ሰማያዊ?»

«ተማሪው የሚቀባበለው የድርሰት ናሙና አለ፤ ፎቶ ኮፒው ላይ እንደዛ ነው የሚለው፣ እማዬ! ሁሉም ከዚያ ነው የሚሸመድደው። ሲነበብ ግን ‹እናትሽ ፈረንጅ ናት እንዴ?› ብለው ሳቁብኝ። ቲቸርም ራስሽ ያየሽውን ጽፈሽ፣ ቤተሰብ አስፈርመሽ ሰኞ ካላመጣሽ ዜሮው አይነሳም አለኝ።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ዋጥኩት። ባለፈው ፈተና እንግሊዝኛ ወድቃለች። ይህ ዜሮ ከተጨመረ ክፍል ልትደግም ትችላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳጥብ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እስኪ ፍሪ።»

«ዝም ብሎ ይፈራል እንዴ?»

«ጅብ መጣብሽ እንበል።»

እጄ በአረፋ እንደተሞላ ዓይኔን የቻልኩትን ያህል አፈጠጥኩት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ይሄማ የፎቶ ኮፒው ነው! የእውነትሽ እንዲህ አይደለም።» ከዚያ መጻፍ ጀመረች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ።

«እናቴ ስትፈራ ዓይኗ አይፈጥጥም፤ ይጠባል። ታክሲ ሲቆም የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያል። እኔን ስታገኝ ወዲያው አትስቅም። መጀመሪያ ጫማዬን፣ ቀጥሎ እጄን፣ መጨረሻ ፊቴን ታያለች። እኔም ስወርድ መጀመሪያ የማየው ዓይኗን ነው። ቶሎ ካልላላ ሳላውቅ የሆነ ነገር ያጠፋሁ ይመስለኝና እፈራለሁ።»

ጫማዋን እንደማይ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ጫማው ጭቃ ከነካው ሮጣለች ማለት ነው፣ ከሮጠች ያባረራት አለ ማለት ነው፤ ሐሳቤ እንዲህ ነው የሚሄደው። ለእሷ ብዬ የምፈራው ፍርሃት እሷን ያስፈራታል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«የመጨረሻዋን ብትተያትስ?» አልኳት ቀስ ብዬ። «ክፍል ውስጥ ሲነበብ…»

«ያየሽውን ጻፊ አለኝ እኮ፣ እማዬ። እሷን ካወጣኋት ምን ቀረ?»

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ። ስሜን እንዳይጣመም እየተጠነቀቅሁ ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ታየኝ ነበር።

ሰኞ ቀደም ብዬ አስፋልቱ ዳር ደረስኩ። ታክሲ በቆመ ቁጥር ዓይኔ ሲጠብ ይታወቀኛል። በመዳፌ አሸሁት፣ አልሆነም።

«አቧራ ገባብሽ?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«አንድ በቆሎ ስጪኝ» አልኳትና ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ከሰሉ ላይ እያገላበጥኩ መጥበስ ጀመርኩ። ከኋላዬ ታክሲ ቆመ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ፤ አንገቴ እንዳይዞር ታገልኩ።

«እማዬ! ሰባት ሰጠኝ! ከአሥር ሰባት!»

ዞርኩና መጀመሪያ ፊቷን አየሁ። ጫማዋን ያየሁት በቆሎውን ለሁለት ከፍለን መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው፤ ያውም ተደብቄ።