ሮብ ነው ወይስ ሐሙስ?

ትናንት ጠዋት አባዬ ማንኪያውን ሲያይ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋብኝ።

በሰሜን ተራሮች ከደባርቅ እስከ ጨነቅ በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ነርቭ የሚገድለው ይሄ በሽታ መጀመሪያ እጅና እግሩን፣ ቀጥሎ አንደበቱን ወሰደበት። አሁን የሚያወራን በዓይኑ ነው።

ጎንደር ያገኘነው የአዩርቬዳ፣ ማለትም የህንድ ባህላዊ ሕክምና ባለሙያ «አያድነውም፤ ትንሽ ያሳርፈዋል» ብሎ መታሻ የሰሊጥ ዘይትና ጠዋት ጠዋት በማንኪያ የሚዋጥ፣ በቅጠል የተነጠረ ቅቤ ሰጠን። እማዬ ቅቤውን አሽትታ «ይሄንን ለመማር ነው ህንድ ድረስ የሄደው?» አለች።

አፉን ሲዘጋ መንጋጋው የተቆለፈ መስሎኝ «በቃ፣ መዋጥም ቀረ» ብዬ አለቀስኩ።

እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «አንቺ፣ ሮብ እኮ ነው! ልታስገድፊው ነው?» አለችኝ።

አባዬ ዓይኑን አንዴ ጨፈነ። «አዎ» ማለቱ ነው። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ዛሬ ማንኪያውን ሳቀርብለት ራሱ አፉን ከፈተ። ቅቤው ግን አልወርድ አለው። ትን ብሎት በከንፈሩ ጥግ ተመልሶ ፈሰሰ።

እማዬ አገጩን እየጠረገች፣ ቀና ሳትል፣ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ሐሙስ ማለት አቃተኝ።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያስታመማችሁ፣ እናንተ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?