አስታራቂውን ማን ያስታርቅ?

ጋሼ አምባዬ የመቱ ከተማ አስታራቂ ናቸው። ከዳሪሙ ድረስ በእግራቸው የመጡ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ሳሎናቸው ካለው አግዳሚ ላይ ተኮራርፈው ይቀመጣሉ። እሳቸው ከባለመደገፊያው ወንበር ሆነው መጀመሪያ ሚስቲቱን፣ «ልጄ፣ ምን በደለሽ?» ይላሉ። ሲወጡ ተሳስመው ነው።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ባለቤት፣ እትዬ አስካለማርያም፣ ድንገት ዝም አሉ። ጥል የለ፣ ጩኸት የለ። ምሳ አቅርበው ይነሣሉ። አንድ ጠዋት፣ «ለፍልሰታ ጎሬ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፤ የምመለስ አይመስለኝም» አሉ፤ አለቀ! ጋሼ አምባዬ ክው አሉ። ምን አድርጌ ይሆን? ቢያወጡ ቢያወርዱ ጠፋቸው። ሽማግሌ እንዳይልኩ የከተማው ሽማግሌ ሁሉ የእሳቸው ደቀ መዝሙር ነው። መሣቂያ መሆን ደግሞ አለ።

ልጃቸው ኑኃሚን ከጅማ ደውላ፣ «አባዬ፣ የትዳርና የቤተሰብ አማካሪ ፈልግ እንጂ! ለዚሁ የተማሩ አሉ» አለቻቸው። ከየት ይፈለጋል? የሚያውቋትን ነርስ በጨዋታ አስመስለው ቢጠይቋት «ለማን ነው ጋሼ?» አለች። «ለአንድ ወዳጄ» ብለው ሹልክ። ጎሬ አንዲት አማካሪ አለች ሲባል ሰሙና በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው!

አማካሪዋ ዲሪቤ የምትባል ልጅ እግር ናት። ስማቸውን ሳይናገሩ ጉዳያቸውን ዘረገፉላት።

«ምን እንዳስከፋቸው ጠይቀዋቸዋል?» አለች።

«እሷን ራሷን?»

«ኤዬ፣ አዎን፣ እሳቸውን።»

ጋሼ አምባዬ ባርኔጣቸውን ይበልጥ ወደ ታች ሳቡ። ዲሪቤ አዘነችላቸው። «ሁለታችሁም ብትመጡ ጥሩ ነበር። መመላለሱ ከከበደዎት ግን እዚያው መቱ ጋሼ አምባዬ የሚባሉ አሉ። እናትና አባቴን ያስታረቁት እሳቸው ናቸው።»

ይሣቁ ያልቅሱ ግራ ገባቸው። መንገዱን ሁሉ ግራ እንደገባቸው ቤታቸው ደረሱ።

እትዬ አስካለማርያም ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፉ ነበር። ጋሼ አምባዬ ወደ ወንበራቸው መሄድ አቃታቸው፤ አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። ሚስትየው አዩዋቸው፣ አዩዋቸውና ሄደው ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተቀምጠውበት አያውቁም ነበር።

«እህ? ምን በደለችህ?» አሉ።

«ምንም!» አሉ ጋሼ አምባዬ። «እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው። ምን እንደበደልኩሽ አላውቅም፤ አስካል፣ ምን በደልኩሽ?»

እትዬ አስካለማርያም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይኸው ነው በደልህ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰውን ሚስት ሁሉ ስትጠይቅ ኖረህ፣ እኔን ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ።»