ከነተከራዩ የገዛነው ቤት

ጁባ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ነግጃለሁ። ካስተም ገበያ፣ ከኡጋንዳ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ከሚያራግፉበት አጠገብ፣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በጅምላ አከፋፍል ነበር። ባለቤቴ አብራኝ ትሠራለች፤ ሱቁን የምትመራው እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። በእነዚያ ዓመታት አራት ጊዜ ልቀቁ ተብለናል። አንዴማ ሦስት ቀን ብቻ ተሰጥቶን ዕቃችንን ዝናብ ላይ አወጣን፤ እሷ ካርቶኖቹ ላይ ሸራ ይዛ ቀኑን ሙሉ ቆማ ዋለች። ስለዚህ ደላላችን ኒምራ ታላታ ሰፈር ውስጥ ባለ ሦስት በር የንግድ ቤት ሊሸጥ ነው ሲለን ሁለታችንም ለማየት ቸኮልን።

ሁለቱ በሮች ባዶ ነበሩ። ሦስተኛው ወፍጮ ቤት ነው፤ የጁባ ሰው ታሁና ይለዋል። የሚሠሩበት ስልሳን ያለፉ ባልና ሚስት ናቸው። የናፍጣው ሞተር ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚጮህ የሁለቱም ጆሮ ደክሟል፤ የሚነጋገሩት በእጃቸው ነው። ሰውየው መዳፉን ገልበጥ ሲያደርግ ሚስቱ የሞላውን ሳፋ ታነሳለች። እሷ ጉንጯን ነካ ስታደርግ ደግሞ እሱ ፊቱ ላይ የተጋገረውን ዱቄት ይጠርጋል። ቆመን ስናያቸው ሁለቱም ፈገግ አሉልን።

ሻጩን ስለ እነሱ ስንጠይቀው እጁን አወናጨፈ። ውል የላቸውም፣ በየወሩ ነው የሚከፍሉኝ፣ እናንተ ቀብዱን ስጡኝ እንጂ በሳምንት አስወጣቸዋለሁ አለን። እኔ ደስ አለኝ። በማግስቱ ቀብዱን ልሰጠው ወስኜ ነበር። ባለቤቴ ግን ራት ላይ እንጀራዋን ትታ አየችኝ።

«እኛንም በሳምንት ያስወጡን እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው» አለች። «መጀመሪያ ጠበቃ እንጠይቅ።»

የአገራችን ሰዎች የጠቆሙን ጠበቃ ቢሮዋ አማራት የሚባለው ሰፈር ነው። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ግን ጋምቤላ አድጋ አዲስ አበባ ሕግ ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይጠራል። ገና በሩ ላይ ቆመን «ግቡ፣ ኧረ ግቡ» ስትለን ባለቤቴ እንደ እህት ልጅ አገላብጣ ሳመቻት።

ጠበቃዋ ነገሩን በእርጋታ አስረዳችን። የውጭ ዜጋ ስለሆንን የምንገዛው ቤቱንና የቀረውን የሊዝ ዘመን እንጂ መሬቱን አይደለም። ስለዚህ መሬት ቢሮ ሄዳ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ክስ ወይም ዕዳ እንዳለበት ታጣራለች። ይህ ሳይጣራ ቀብድ የሚባል ነገር እንዳንሰጥ አሳሰበችን። ቀጥላ ወደ ተከራዮቹ መጣች። ቤቱ ስለተሸጠ ብቻ የኪራይ ውል አይፈርስም፤ ውል ካላቸው በሻጩ ቦታ እኛ እንተካለን፣ መብቱም ግዴታውም ወደ እኛ ይዞራል። ውል መኖሩን ደግሞ ሻጩ በሌለበት እነሱኑ መጠየቅ አለብን።

በሁለተኛው ቀን አብረናት ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድን። ሞተሩ እንዲጠፋ ስትለምናቸው ሰውየው አጠፋው፤ ድንገት ጸጥ ሲል ግራ እንደገባቸው ተያዩ። ጠበቃዋ አጠገባቸው ቁጭ ብላ በጁባ ዓረብኛ ጮክ እያለች ማን እንደሆንንና ለምን እንደመጣን ነገረቻቸው። ሴትየዋ ወደ ውስጥ ገብታ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ወጣች። ሻጩ የፈረመበት የአምስት ዓመት ውል ነው፤ ሦስት ዓመት ገና ይቀረዋል። ማሽኑም፣ ማሽኑ የቆመበት ሲሚንቶም የተከራዮቹ እንደሆነ ተጽፏል። ማስያዣም ሰጥተዋል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ተቆጣሁ። ሻጩን መቆጣት ሲገባኝ የተቆጣሁት ጠበቃዋን ነው።

«ለመሆኑ የማን ጠበቃ ነሽ?»

«የእርስዎ ነኝ፣ ጋሼ» አለችኝ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ለዚህ ነው ሳይገዙ እንዲሰሙት ያደረግኩት። ገዝተው ቢሰሙት ኖሮ ከእነዚህ ሽማግሌዎች ጋር ነበር ፍርድ ቤት የሚቆሙት።»

ከዚያ ያለንን ምርጫ ነገረችን። ግዢውን መተው እንችላለን። ካሣ ሰጥተን፣ እነሱ በፈቃዳቸው ከተስማሙ ብቻ፣ እንዲለቁ መጠየቅ እንችላለን። ወይም ከነተከራዩ መግዛት። ባለቤቴ ለዕቃችን ሁለቱ በር ይበቃዋል አለች። 

በማግስቱ ለማንም ሳልነግር ብቻዬን ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ፤ ካሣ እሰጣችኋለሁ፣ ልቀቁልኝ ልላቸው። ሰውየው ሲያየኝ ሥራውን አቁሞ ዱቄት የሸፈናትን ዱካ በሸሚዙ ጠርጎ አስቀመጠኝ። ሚስቱ ውኃ አመጣችልኝ። ስለ ልጆቼ በጁባ ዓረብኛ ጠየቁኝ፤ ስመልስላቸው ደግሞ ለመስማት ሁለቱም ወደ አፌ ጎንበስ አሉ። ልናገር የሄድኩትን ሳልናገር ሁለት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ገዝቼ ተመለስኩ። ባለቤቴ ፌስታሉን አይታ የት እንደነበርኩ ገባት፤ ያን ማታ ከነተከራዩ ለመግዛት ተስማማን።

ሻጩ ውሉ ሲነገረው አንገቱን ደፍቶ አመነ፤ ማስያዣውን ወደፊት ለተከራዮቹ የምንመልሰው እኛ ስለሆንን ከዋጋው ላይ ተቀነሰልን። መሬት ቢሮ ያለው መዝገብም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ጠበቃዋ ሻጩም፣ እኛም፣ ተከራዮቹም የምንፈርምበት ወረቀት አዘጋጀች፤ የቀረው ዘመን፣ ማስያዣው፣ የማሽኑ ባለቤትነት ሁሉ ተዘርዝሮ። ልታነብላቸው የሄድን ዕለት ሴትየዋ በር ላይ ደንበኛ ስታስተናግድ ሰውየው ወደ ጠበቃዋ ተጠግቶ በራሱ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረ። እሷ ወዲያው አልተረጎመችውም። ብዕሯን ከፍታ ዘጋች።

«ውሉ በእኔ ስም ብቻ ነው ይላል» አለችኝ ቆይታ። «እኔ ከሞትኩ እሷ ዘመኑን እንድትጨርስ ይጻፍልኝ፣ እሷ ግን አሁን እንዳትሰማ ይላል።»

ባለቤቴን አየኋት። ዓይኗን ወደ በሩ፣ ወደ ሴትየዋ አዞረች። ይጻፍ አልኩ። ጠበቃዋ ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ሌላው በውሉ ይቀጥላል ብላ ጻፈችው።

ቢሮዋ ተመልሰን የግዢውን ውል ስታወጣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ገዢ በሚለው ቦታ ላይ ያለው የእኔ ስም ብቻ ነበር። እንዲህ አድርጊ ብያት አይደለም፤ የሱቁ ፈቃድም፣ የባንኩ ደብተርም በእኔ ስም ስለሆነ እሷም እንደዚያው ጽፋዋለች። የባለቤቴን ስም ከጎኑ ጨምሪልኝ አልኳት። ባለቤቴ «ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀብህ» አለች። ጠበቃዋ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ባለቤቴ ስትፈርም የወረቀቱን ጫፍ ያዝኩላት።

ሱቃችንን ወደ ሁለቱ በሮች ካዛወርን በሁለተኛው ክረምት ሰውየው አረፈ። ከቀብር በኋላ ወንድሞቹ መኪና ይዘው መጡ፤ ቤቱን የተከራየው ወንድማችን ነው፣ ማሽኑም የእኛ ነው ብለው። ጠበቃዋን ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱን ቁጭ ብላ በራሳቸው ቋንቋ አነበበችላቸው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ልማዱ እንደዚያ ስለሆነ ነው የመጡት። ጥቂት ተከራክረው ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም አሉ፤ ታናሽየው እንዲያውም የሞተሩን ቀበቶ ቀይሮላት ሄደ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሴትየዋ ሳፋው ሲሞላ እጇን ወደ ባሏ ቦታ ታነሳና መልሳ ታወርደው ነበር። ባለቤቴ ይህን አይታ ሱቁን ለእኔ እየተወች እዚያ ቦታ ላይ መቆም ጀመረች። ምልክቶቹን ተማረች። አሁን ወፍጮው እየጮኸ ሁለቱ በእጃቸው ያወራሉ፤ ስለ ምን እንደሆነ አይነግሩኝም።

ባለፈው በጋ ውሉ ሲያልቅ በሴትየዋ ስም አዲስ ልናደርግ ተሰበሰብን። አምስት ዓመት እንዲሆን ሐሳብ አቀረብኩ። እሷ ጉልበቷን እያሻሸች ሦስት ይበቃኛል አለች። ጠበቃዋ ሦስት ዓመት ብላ ጻፈችና ተከራይዋ ከፈለገች ይታደሳል የሚል ጨመረችበት። ሴትየዋ ፈርማ ወዲያው ተነሳች፤ ደጅ ላይ ሰባት ስምንት ሴቶች በቆሏቸውን ይዘው ይጠብቋት ነበር።