መቅደሱን የዋጠው ማክሮ

ቢሮ ውስጥ የእኔ ሥራ ማኩረፍ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የቤት ፕላን እንሠራለን። ባልደረባዬ በርና መስኮት እየደጋገመ መንደፍ ስለሚሰለቸው የሚፈልገውን ለኤአይ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ማለት ነው፣ ይነግረዋል፤ ኤአዩም ማክሮ ይጽፍለታል። ማክሮ ማለት የንድፍ ሶፍትዌሩን «ይህን ሁሉ ራስህ ጨርሰው» ብሎ የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ነው። ታዲያ ኤአይ የጻፈው ማክሮ የደንበኛ ንድፍ ከመንካቱ በፊት ሰው ሊመረምረው ይገባል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የማኮርፈው።

ደንቡን ያወጡት ኃላፊያችን ልጅነታቸውን ቅኔ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው። እዚያ ተማሪው ራሱ ቆጥሮ ያዘጋጀውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩ እየሰማ ያርመዋል። እኛም ዘንድ እንደዚያው ሆነ። ማክሮ ያመጣ ሰው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ፊቴ ይቀመጥና ማክሮው ምን እንደሚሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ይነግረኛል። «እዚህ ጋ እንግዲህ የሆነ ነገር ያደርጋል» ካለ እንደገና ይጀምራል። ባልደረባዬ ይህን ልማድ አይወደውም። ኤአይ በደቂቃ በጻፈው አንቺ ግማሽ ቀን ታስለቅሺኛለሽ ይለኛል። ምን ልዋሽ፣ ሲያለቅስ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የተበላሸው አማኑኤል ከተማ የሚሠራ ቤት ለማየት ሄጄ በዋልኩበት ቀን ነው። ባልደረባዬ የተወለደው ሮብ ገበያ ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ነው። የደብሩ ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ ስለሆነ ፕላን አስፈለገ። አንዳንድ ምእመናን ከባሕር ዳር መሐንዲስ ይምጣ ሲሉ፣ አባቱ ሕዝቡ መሀል ተነሥተው የእኔ ልጅ ይሠራዋል ብለው ቃል ገቡ። ፕላኑም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ሊታይ ነው። ልጁ ካበላሸ የሚያፍሩት አባቱ ናቸው። ይህን ባልደረባዬ ያውቃል።

የድሮው ፕላን ከወረቀት ተቀድቶ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ መስመሩ ሁሉ ተደራርቦ ነበር። መስመር በመስመር ላይ፣ ክብ በክብ ላይ። ያንን በእጅ ማጽዳት ያንገሸግሻል። ባልደረባዬ ኤአዩን የጽዳት ማክሮ አስጻፈው፤ በአንድ የመኖሪያ ቤት ፕላን ሞከረው፤ ሠራለት። እኔ የለሁም። መብራቱ ልጥፋ አልጥፋ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ማክሮውን በቤተ ክርስቲያኑ ንድፍ ላይ ለቀቀው፣ አተመ፣ ወረቀቱን እንኳ ሳያይ ጠቅልሎ አስቀመጠው።

በማግስቱ ጠዋት አባቱ መጡ። ጥቅሉን ተቀበሉ፤ ሁላችንንም አስነሥተው መረቁንና ወደ መናኸሪያ ሄዱ። እኔም አሜን ብዬ ስጨርስ ፕላኑ የጸዳበት ማክሮ መቼ ነው የተነገረኝ ብዬ ጠየቅኩ። ባልደረባዬ ሳቀ፤ ሥራው ካለቀ ወዲያ ምን ይነገራል አለ። ኃላፊያችን ከጥጋቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩት ግን ወንበሩን ጎትቶ ፊቴ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ሳይተነፍስ አንበለበለው። ተደራርበው የተነደፉ መስመሮችን ፈልጎ አንዱን ያስቀራል። ደግ። ባዶ የጽሑፍ ቦታዎችን ያጠፋል። ይሁን። እኔ ጥፍሬን እያየሁ ነበር።

«ከዚያ ወደ ክቦቹ ይሄዳል» አለ። «መሀላቸው አንድ የሆኑ ክቦች ካገኘ የተደጋገሙ ናቸው ይልና ትልቁን አስቀርቶ የውስጦቹን…»

እዚህ ላይ ከወንበሩ ተነሣ።

የዚያ ደብር ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። ውጪው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከሉ መቅደስ። ብዙ ቦታ መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው፤ እዚያ ግን እሱም ክብ ነው። የሁሉም መሀል አንድ ነው። የመኖሪያ ቤት ፕላን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ማክሮው ሲሞከር ጨዋ መስሎ አለፈ። ኤአዩስ ምን ያድርግ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሞ አያውቅ።

ወደ መናኸሪያ በረርን። ባልደረባዬ ከፊት፣ እኔ ጫማዬን እየረገምኩ ከኋላ። የሮብ ገበያው መኪና ሞልቶ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረስን። አባቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ፕላኑን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተውታል። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ትልቅ ክብ ብቻ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ አውድማ ይመስላል። መቼም አስቂኝ ነበርና ሳቄ መጣ።

ልጁ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ እያለከለከ፣ ስሕተት አለበትና ይመልሱልኝ አላቸው።

«አየሁት እኮ» አሉ ረጋ ብለው። «ቅድስቱም የለ፣ መቅደሱም የለ። ግራ ገባኝና፣ ልጄ የተማረ ነው፣ ያለ ምክንያት አይተወውም አልሁ። እሑድ ሕዝቡ ሲጠይቀኝ ምን ብየ እንደምመልስ እሱን እያሰብሁ ነው።»

ሰውየው ያንን ባዶ ክብ ይዘው ሕዝብ ፊት ሊሟገቱለት ነበር። አንጀቴን በሉት።

ባልደረባዬ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ንድፉን ያጸዳው ማሽን መሆኑንና እሱ ሳያየው እንደሰጣቸው አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። አባቱ ወረቀቱን በጥንቃቄ ጠቅልለው በመስኮቱ መለሱለት።

«እንግዲያው አንተ አይተህ ስጠኝ» አሉት። «እኔ ቃል የገባሁት ባንተ ነው።»

ከዚያም ዘንጋቸውን አንሥተው፣ ቦታቸውን በሩ ላይ ለቆመች ሴት ለቀው ሊጠብቁት ከመኪናው ወረዱ።