ኮዬ የገባው የእድር ድስት

ቤት ማጥበብ ልጆቼ እንደሚሉት ቀላል ነገር አይደለም። ቃሊቲ የነበረው ግቢያችን ስድስት ክፍል ነበረው። ባለቤቴ ካረፈና ልጆቹም ከወጡ በኋላ ግን የምኖረው በአንዷ ክፍል ነበር፤ ሌሎቹ ውስጥ የምገባው አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነው። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ልጆቼ ተሰብስበው ተማከሩ። ተማከሩ ማለቴ ወሰኑ። ግቢው ይሸጥ፣ እኔም ሴት ልጄ በእጣ ያገኘችው ኮዬ ፈጬ ያለው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልግባ ተባለ። ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። ምን ብዬ እምቢ ልበል?

ዕቃዬን መስጠት ጀመርኩ። ቡፌው ለእህቴ ልጅ ሄደ። ሰፊው አልጋችን በአዲሱ ቤት በር አይገባም ስለተባለ ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠሁት፤ ተሸክመውት ሲወጡ አለቀስኩ። ሰው በቁሙ ውርሱን ሲያከፋፍል ደስ አይልም።

ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ግን የእድሩ ነገር ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የሰፈራችን ሴቶች እድር ዕቃ የሚቀመጠው በእኔ ሰርቪስ ቤት፣ ቁልፉም የሚታሰረው በእኔ መቀነት ላይ ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነበር። ደንባችን ደግሞ ሰፈር የለቀቀ አባል ይሰናበታል ይላል። ከእኔ በላይ ይህን ደንብ የሚያውቅ የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤታችን ከኪራይ ቤት ወጥታ ኮዬ ስትገባ፣ በአባልነቴ ልቀጥል ብላ ለመነችን። በስብሰባው መሀል ተነስቼ፣ «ኮዬ ተቀምጣ እኛን እንዴት ልትቀብር ነው? ጎረቤት ማለት እሳት የሚጫጫር ነው!» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም እውነቷን ነው አሉ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ስለዚህ የእድሩን ዕቃ ሳላስረክብ፣ ዛሬ ነገ ስል የጭነቱ ቀን ደረሰ። ወንዱ ልጄ ጫኞቹን «ሰርቪስ ቤት ያለውን በሙሉ አውጡ» አላቸው። ሦስቱን ትልልቅ ድስቶች ተሸክመው ወደ አይሱዙው ሲሄዱ በረንዳው ላይ ቆሜ አየሁ። አላስቆምኳቸውም። በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ጫኞቹ ተሳስተው ነው ብያለሁ፤ እዚህ ግን እውነቱን ልናገር። ድስቶቹ እኔ ጋ ካሉ እኔን መፈለጋቸው አይቀርም ብዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእድሩ ሰብሳቢ ደወሉ። በዕድሜ የሚበልጡኝ የወሎ ሴት ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ ነገር የማያበዙ።

«የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ አረፉ። ድንኳኑ ተተክሏል። ድስቶቹ የታሉ?»

«እኔ ጋ ናቸው፣ እትዬ።»

«ኮዬ?»

«ኮዬ።»

«ታዲያ ንፍሮው በምን ይቀቀል?» ብለው ስልኩን ዘጉት።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ልጆቼ ሥራ ገብተዋል። በአዲሱ ሰፈር የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያቺው ያስወጣኋት ሴት። ፊት ለፊት ካለው ብሎክ ነው የምትኖረው፤ ሁለት ጊዜ አይቻት ሁለቴም ፊቴን አዙሬያለሁ። ሄጄ አንኳኳሁ።

«እትዬ! ይግቡ እንጂ» አለችኝ።

ማን እንደሞተ ነገርኳት። «እኚያ ደግ ሰው! ልጄ የታመመች ጊዜ ያለ ተራዬ የፈጩልኝ!» አለችና ጥቁር ሻሿን አስራ ተከተለችኝ። ቤቴ ገብታ ሦስቱን ድስቶች ስታይ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጫኞቹ ተሳስተው…» ብዬ ጀመርኩ።

«በዚያ በኩል ይያዙልኝ» አለች፣ የአንዱን ድስት ጆሮ ይዛ።

የሚኒባሱ ሹፌር ድስት አልጭንም ብሎን ነበር። ለቅሶ መሆኑን ሲሰማ ራሱ ወርዶ ጣራው ላይ አሰራቸው። መንገድ ላይ አላስችል አለኝ።

«ያን ጊዜ ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«እኔስ እዚያው አልነበርኩም እንዴ? ያስወጡኝ ግን ከእድሩ ነው፤ ከለቅሶ ማን ያስወጣኛል? ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። እርስዎ ጓዳ ስለሚሆኑ አላዩኝም እንጂ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ነው የምመለሰው።»

እኔ ድስት ሳማስል ሰው አላይም ነበር ማለት ነው። በጣም አፈርኩ።

ንፍሮው ለቀብር መልስ ደረሰ። ሰዉ ሲቀልል ቁልፉን ከመቀነቴ ፈትቼ ለሰብሳቢዋ ዘረጋሁላቸው።

«እትዬ፣ እኔን ከመሰረዝዎ በፊት እሷን ይመልሱልኝ። ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም።»

ቁልፉን አገላብጠው አዩት። «ይሄ ምን ያደርግልኛል? ግቢውን የገዙት ሰዎች መቆለፊያውን ቀይረውታል» አሉ። ከዚያ ወደ ድስቶቹ ዞሩ። «ደንቡን በስብሰባ እናየዋለን። ሁለቱ እዚህ ይቅሩ። ሦስተኛውን ይዛችሁ ሂዱ።»

«ለምን?»

«ኮዬ ሰው አይሞትም እንዴ? ስንመጣ በምን እንቀቅላለን?»

ስንመጣ አሉ። ስንመጣ! ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ያየኝ ሰው ለሽማግሌው ያለቀስኩ ሳይመስለው አልቀረም።

ድስቱ ጠባቧ ማድ ቤቴ ውስጥ አልገባ ስላለ አልጋዬ ግርጌ አስቀመጥኩት። ማታ ልጄ ስትመጣ አደናቀፋት።

«እማዬ፣ ያን ሁሉ ዕቃ ሰጥተሽ ይሄ ለምንሽ ነው?»

«የኔው ነው፣ ተይው» አልኳት። «ቀኔ ሲደርስ ለሚመጡት ሰዎች ነው።»